የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወረቀቴ ሐዋሳ ያሻግራል፤ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ምን ያሻግረኛል?

የአራዳዋ ፀጉር ሠሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ፀጉር ቤት ወረፋ ጠብቃችሁ የምታውቁ ትታገሡኛላችሁ።

ባለቤቴ ዲቪ ደርሶት ቪዛችን ተመትቷል። ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ጥቅምት ውስጥ እንሄዳለን። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ዘጠኙን ዓመት የሠራሁት ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሦስት ወንበርና ሁለት ካስክ ብቻ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ የእኛም ክፍል አብሮ ሄደ። አሁን አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ወንበር ተከራይቼ እሠራለሁ። ግማሾቹ ደንበኞቼ ተከትለውኝ መጥተዋል። ደረጃ መውጣት የማይችሉት እናቶች ግን ቀሩ፤ ለእነርሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ሹሩባ እሠራለሁ።

ታላቅ እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ደግሞ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሁለቱም «እኛ ጋ ካልመጣችሁ» ብለው ተቀያይመዋል። እህቴ እንዳለችኝ ከእርሷ ቤት ተነሥቶ፣ ዋሽንግተንን የሚዞረውን መንገድ ይዞ፣ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ለመግባት፣ መኪና ካልተጨናነቀ ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም። ነገር ግን ሜሪላንድ ፈቃድ ባወጣ ቨርጂኒያ ገብቼ መቀስ ማንሣት አልችልም፤ ድልድዩን ተሻግሬ ከሠራሁ ጥፋት ነው ትላለች። የአጎት ልጅ ደግሞ «አዲስ ስምምነት መጥቷል፤ አንድ ፈቃድ ለሁሉም ሆኗል፤ እህትሽ የድሮውን ነው የምታወራው» ይላል። ማንን ልመን?

ነገሩ የከበደኝ እዚህ ወሰን መሻገርን እንደ ነገር አስቤው ስለማላውቅ ነው። ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ ለገጣፎ ጠርታኝ ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ፣ ፎኑንና ፔስትራውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ የሙሽራዋ ወንድም በላከው መኪና ሄድኩ። ሙሽራዋን፣ አራት ሚዜዎችንና በመጨረሻ «እኔንም ትንሽ ንኪኝ» ያሉትን የሙሽራዋን እናት ሠርቼ ስጨርስ ረፋድ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ወጥቼ ኦሮሚያ ገብቼ መመለሴን ያስታወሰኝ አንድ ሰው የለም። አብራኝ የሲኦሲ ፈተና የተፈተነች ጓደኛዬም ሐዋሳ አግብታ ሄዳ፣ እዚህ አዲስ አበባ በያዘቻት ወረቀት ነው የምትሠራው። እንደ ገና ተፈተኚ ያላት የለም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ፣ ስምምነት የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነ ለእንደኔ ዓይነት ሰው ይሠራል? ደግሞስ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ምን ሠርቼ ልብላ? ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ እርሱም እዚያ ሲደርስ ከዜሮ እንደሚጀምር ነግረውታል። ቤታችንን መጀመሪያ የምታቆመው የእኔ እጅ ናት ብለን ነው የወሰንነው።


እናት ዓለም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ሜሪላንድ ፈቃድ ይዤ የምሠራ ነኝ፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ። እህትሽም የአጎት ልጅም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

መጀመሪያ የእህትሽን። አሜሪካ ውስጥ የፀጉር ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ክፍያ አለው። ሰዓት ስልሽ የትምህርት ሰዓት ማለቴ ነው፤ እየተፈረመ የሚቆጠር። ሜሪላንድ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ኒው ዮርክ 1,000 ነው። ካሊፎርኒያ 1,600 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 1,000 አወረደው፤ የተግባር ፈተናውንም አስቀረ። ፀጉሩ አንድ፣ መቀሱ አንድ፣ ሰዓቱ ግን እንደ ግዛቱ ነው። በአንዱ ግዛት ፈቃድ ይዘሽ ወደ ሌላው ስትሄጂ አዲሱ ቦርድ የድሮውን ሰዓትሽን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ካነሰ ይመልስሻል፤ ወይም ሌላ ማሟያ ይጠይቅሻል።

አሁን ወደ አጎት ልጅ። በአንዱ ግዛት ፈቃድ ሌላው ግዛት ውስጥ መሥራት የሚያስችለው የግዛቶቹ ስምምነት እውነት ነው። የግዛት መንግሥታት ምክር ቤት የሚባለው ተቋም ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው ነው። መከላከያ ከፀጉር ምን አገናኘው ትይ ይሆናል። የወታደር ሚስቶች ናቸው ምክንያቱ። ባልየው በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከግዛት ግዛት ሲዛወር፣ ሚስት ሙያዋን ይዛ ተከትላ ትሄድና በደረሰችበት ሁሉ ከሀ ትጀምራለች። ለነርሶች ተመሳሳይ ስምምነት ከቆየ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ባለቤቴ ነርስ ነው፤ በአንድ ፈቃድ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ይሠራል፤ እኔ ደግሞ እርሱን እያየሁ እቀና ነበር። ለእኛ ሙያ ስምምነቱ እንዲጸና ሰባት ግዛቶች ሕግ አድርገው ማጽደቅ ነበረባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ቁጥሩ ሞላ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሁለቱም ገብተዋል። ኮሎራዶ፣ ኬንታኪ፣ ቴኔሲ፣ ኦሃዮ፣ አላባማና አሪዞናም አሉበት።

ነገር ግን «አንድ ፈቃድ ለሁሉም» ሲል ዘሎታል። አንደኛ፣ ሕጉ ጸና ማለት ፈቃዱ በማግስቱ ታደለ ማለት አይደለም። የጋራ ኮሚሽን መቋቋም፣ ደንብ መውጣት፣ ቦርዶቹ እርስ በርስ የሚተያዩበት የመረጃ ቋት መሠራት አለበት። ስለዚህ ስትደርሺ ቦርዱን «ባለ ብዙ ግዛቱን ፈቃድ መስጠት ጀምራችኋል?» ብለሽ ጠይቂ እንጂ ፌስቡክ ላይ ያየሽውን ይዘሽ መንገድ እንዳትጀምሪ። ሁለተኛ፣ ይህ ፈቃድ ከምንም ተነሥቶ አይሰጥም። በመጀመሪያ በምትኖሪበት ግዛት ፈተናውን አልፈሽ፣ እገዳ የሌለበት መደበኛ ፈቃድ መያዝ አለብሽ። የሲኦሲ ወረቀት ይዞ በቀጥታ ስምምነቱ ውስጥ መግባት የለም። ሦስተኛ፣ ስምምነቱ ኮስሞቶሎጂስት ለሚባለው ሙሉ ፈቃድ ነው። የወንዶች ፀጉር ብቻ ወይም ጥፍር ብቻ የሚሠሩበትን ፈቃድ አያካትትም።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ሜሪላንድ ፈቃድሽን ይዘሽ አሌክሳንድሪያ ሙሽራ ስትሠሪ የምትገዢው በቨርጂኒያ ሕግ ነው። ደንበኛዋ የተቀመጠችበት ግዛት ሕግ ይሠራል። እዚያ የተከለከለውን «እኛ ጋ ይፈቀዳል» ብለሽ አትከራከሪም። ደግሞ ባለ ብዙ ግዛት ፈቃድ የሚያዘው ከአንድ ግዛት፣ ከምትኖሪበት ብቻ ነው። ቤት ቀይረሽ ወደ ሌላ አባል ግዛት ከገባሽ ፈቃድሽን ወደዚያ ታዛውሪያለሽ።

ዲሲ ደግሞ በመሐል እንዳለች አትርሺ። እርሷም የራሷ ቦርድ አላት። እኛ የሐበሻ ፀጉር ቤት ሰዎች ሦስቱን ቦታ እንደ አንድ ከተማ ነው የምንኖርበት፤ ወረቀቱ ግን እንደዚያ አያየውም።


ዝም ብዬ ልጠይቅ፦

ይቅርታ፣ እኔ ሙያው የለኝም፤ የቦሌ መድኃኔዓለም ሰው ነኝ። ግን 1,500 ሰዓት? በሳምንት 40 ሰዓት ቢማሩ እንኳ ዘጠኝ ወር አካባቢ ይሆናል። ፀጉር ለማበጠር ነው እኮ! አያቴ ያለ ምንም ወረቀት የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሹሩባ ሠርታ አሳድጋናለች። ይህ ቀድሞ የገባው ኋላ የሚመጣውን እንዳይሻማው የታጠረ አጥር ይመስለኛል። እህቴ ፈቃድ ፈቃድ ብላ አትጨነቅ፤ ሥራዋን ያየ ደንበኛ ወረቀት አይጠይቃትም።


የአራዳዋ ፀጉር ሠሪ፦

እናት ዓለም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወታደር ሚስቶቹ ነገር ልቤን ነካው፤ የኔም ነገር ያው መሆኑ ነው።

ወንድሜ፣ የአያትህን ሹሩባ አከብራለሁ። አጥር ነው ያልከውም ሐሰት አይደለም፤ ሰዓቱ ከግዛት ግዛት እንዲህ የሚራራቅ ከሆነ አንዱ ጋ ያለ ምክንያት በዝቷል ማለት ነው። ግን አያትህ በቅቤ ነው የሠሩት፤ እኛ በኬሚካል ነው የምንሠራው። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም ጽፌው አላውቅም።

ፒያሳ ሳለን ነው፤ የዳግማዊ ትንሣኤ ቅዳሜ። ሠርግ በሠርግ ሆኖ ክፍላችን መቆሚያ የለውም። አንዲት ደንበኛዬን ሪላክሰር ቀባኋት። ሪላክሰር ማለት ፀጉርን የሚያላላ፣ በደንብ ጠንካራ ነገር ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወዲያው መታጠብ አለበት፤ ከቆየ ፀጉሩን አልፎ ቆዳ ይበላል። ሰዓቱ ደርሶ ገንዳው ላይ አስተኝቼ ቧንቧውን ስከፍት፣ ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስሎ አየር ብቻ ነፋ። ውኃ ሄዷል። በርሜል አለን፤ ከፈትኩት፤ ባዶ። ረዳቴ ጠዋት ወለሉን አጥባበት ሳትሞላው ቀርታለች። ጎረቤት ካፌ ሮጥኩ፤ የእነርሱም ደርቋል። ተመልሼ ስገባ ደንበኛዬ «ትንሽ ለበለበኝ» ትላለች፤ በጨዋ አነጋገር፤ እኔን ላለማስደንገጥ። ሱቅ ሄጄ ባለ ሁለት ሊትር የታሸገ ውኃ ስምንት ጠርሙስ አምጥቼ፣ አንዷ እያቀበለችኝ፣ እኔ እያፈሰስኩ አጠብኳት። ከጆሮዋ ጀርባ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ቆዳ ተልጦ ቀይ ሆኗል። ኋላ ዳነ፤ ምልክት አልቀረም። ገንዘብ አልተቀበልኳትም።

ውኃ መሄዱ የኔ ጥፋት አይደለም። በርሜሉን ሳላይ መቀባቴ ግን የኔ ነው። ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ትመጣልኛለች፤ ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት ግን ቆማ «ውኃ አለ?» ትለኛለች። ስለዚህ ሳይማር ኬሚካል የሚያነሣ ሰው ፊት እኔ ራሴ አልቀመጥም። ደግሞም በሰው አገር ያለ ፈቃድ ሠርቼ ብያዝ የልጆቼን ነገር አበላሻለሁ። ይህን ምክርህን ልለፈው።


ማኅሌት፣ ዴንቨር፦

የውኃዋን ታሪክ ሳነብ እጄ ጆሮዬ ጀርባ ሄደ።

እኔ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ነበርኩ። 1,000 ሰዓቴን ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አምስት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ በትዳር ምክንያት ወደ ሌላ ግዛት ሄድኩ፤ ስሙን ልተወው፤ አሁን ካለሁበት አይደለም። ማመልከቻ አስገባሁ፤ «ሰዓትሽ ይጎድላል፤ የሥራ ልምድ ካለሽ አሠሪዎችሽ በደብዳቤ ያረጋግጡልሽ» አሉኝ። አምስቱን ዓመት የሠራሁበት ፀጉር ቤት ግን ተዘግቶ፣ ባለቤቷም አገር ቤት ገብታ ነበር። ደብዳቤ ስጠብቅ፣ ስልክ ስደውል፣ ሰባት ወር ሙሉ የሌላ ሰው ፀጉር ቤት ወለል ስጠርግና ፎጣ ሳጥብ ከረምኩ። መቀስ መንካት አይፈቀድልኝም። ከእኔ በኋላ የጀመሩ ልጆች አጠገቤ ሲቆርጡ ማየቱ ነው የሚከብደው። አንዷማ «አንቺ ይህን እንዴት ታደርጊዋለሽ?» ብላ ትጠይቀኝና በአፌ አስረዳት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚምታታ ነገር አለ። አሪዞና እ.ኤ.አ. በ2019 ሌላ ሕግ አውጥቶ ነበር። በሌላ ግዛት ቢያንስ አንድ ዓመት ፈቃድ ኖሮት ወደ አሪዞና ለኑሮ የመጣን ሰው፣ ሰዓትህ ጎደለ ሳይለው እንዲቀበል። ሌሎች ግዛቶችም ያንን መንገድ ተከትለዋል። ያ ግን መጥቶ ለሚኖር ሰው ነው። አንቺ የምትፈልጊው እዚያ እየኖርሽ እዚህ መሥራት ነው፤ ለእርሱ የሚሆነው እናት ዓለም የነገረችሽ ስምምነት ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያወሩ ብዙ ናቸው፤ የአጎት ልጅም ከእነርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከእኔ የምትወስጂው አንድ ነገር ቢኖር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀት አትጣዪ። የደመወዝ ቁራጭ፣ ዓመቱ ሲያልቅ አሠሪሽ የሚሰጥሽ ደብሊው ቱ የሚባለው የደመወዝና የግብር ወረቀት፣ የትምህርት ቤቱ የሰዓት መዝገብ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጪው። እኔ አሁን አንድ ቆርቆሮ አለኝ፤ ልጄ ብስኩት መስሏት ከፍታ ታዝናለች።


ሹሩባ ሠሪዋ፣ አሌክሳንድሪያ፦

«ፈቃዱ እስኪወጣ ምን ሠርቼ ልብላ» ላልሽው መልሱ እጅሽ ላይ ነው። ሹሩባ!

ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2012 የሹሩባ ሥራን ከፈቃድ ነፃ አድርጓል። ሜሪላንድም ለሹሩባ የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ አይጠይቅም። እንዲሁ በደግነት የመጣ እንዳይመስልሽ። ዲሲ ውስጥ ታሊብ ዲን ኡቅዳህና ፓሜላ ፌሬል የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሹሩባ ቤት ነበራቸው። ከተማው «የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ ከሌላችሁ ዝጉ» ሲላቸው፣ ትምህርቱ ስለ ሹሩባ አንድም ነገር ሳያስተምር እንዴት ፈቃዱን ይጠይቀናል ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግዛት ያንን ተከትሏል። ከላይ አያቱን ያነሣው ወንድማችን በሹሩባው በኩል እውነት አለው ማለት ነው።

ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ጠዋት ሠርተሽ ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ ብትሠሪ በሹሩባ የሚይዝሽ የለም። ግን ድንበሯን እወቂ። መሥራት፣ መፍታት፣ ዘይት መቀባት ይቻላል። ጫፉን በመቀስ ማስተካከል፣ ቀለም፣ ሪላክሰር፣ እነዚህ ላይ ስትደርሺ ፈቃድ ትጠየቂያለሽ። ደንበኛዋ «እግረ መንገድሽን ትንሽ ቁረጪልኝ» ስትል ነው ሰው የሚሳሳተው። እኔ መቀስ ይዤ አልሄድም፤ ቢኖረኝ እንዳልፈተን። ለመኖር በቂ ነው፤ በተለይ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሰሞን ጣቶችሽ እስኪደነዝዙ ትሠሪያለሽ።


የአራዳዋ ፀጉር ሠሪ፦

ይህንን ማንም አልነገረኝም! የእሑድ እናቶቼ እያሠለጠኑኝ ነበር ማለት ነው።

እናት ዓለም፣ አንድ ልጨምር። ፈተናው በምን ቋንቋ ነው? እንግሊዝኛዬ የሚግባባ ነው፤ ግን የመጽሐፍ አይደለም። ሌላው ደግሞ፣ ትምህርት ቤት መክፈል ካልቻልኩ ሌላ በር የለውም?


እናት ዓለም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ በእንግሊዝኛ ነው የተፈተንኩት። ቋንቋው የከበደኝ ፀጉሩ ላይ ሳይሆን ጀርሙ ላይ ነው። የንድፈ ሐሳቡ ፈተና እንደምታስቢው ስለ ፋሽን አይጠይቅሽም። ስለ ቆዳ፣ ስለ ኬሚካል፣ ከሁሉ ይልቅ ስለ ንጽሕና ነው። ባርቢሳይድ የሚባለውን ሰማያዊ ውኃ በብርጭቆ ማሰሮ አይተሽ ይሆናል፤ ማበጠሪያ የሚነከርበት። እዚያ እንደ ጌጥ አይደለም የሚቀመጠው። ማበጠሪያው ላይ ያለው ፀጉር ይለቀማል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሰምጦ 10 ደቂቃ ይነከራል። እጀታው ከውኃው ውጭ ቢቀር ስሕተት ነው። እኔ አገር ቤት በአልኮል ጠረግ አድርጌ ለቀጣዩ ሰው የምሠራ ነበርኩ፤ እና ይህችን ጥያቄ መጀመሪያ ስለማመድ ተሳሳትኳት። ቃላቱን በትናንሽ ወረቀት ጽፌ ማድቤት ቁም ሣጥን ላይ ለጥፌ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የያዝኳቸው። አንቺም ከአሁኑ ጀምሪ።

ሌላ በር አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤት ሳትገቢ፣ ፈቃድ ያላት ባለሙያ ሥር ተለማማጅ ሆነሽ ተመዝግበሽ ሁለት ዓመት ብትሠሪ፣ ከዚያ መፈተን ትችያለሽ። እየተከፈለሽ ትማሪያለሽ፤ ጊዜው ግን ረዘም ይላል። ተመዝግበሽ የሚለውን አስምሪበት። ሳይመዘገቡ «እያለማመድኩሽ ነው» እየተባሉ ዓመት የሞላቸው ልጆች አውቃለሁ፤ አንዷም ቀን አልተቆጠረችላቸውም።


ጡረተኛ አሠልጣኝ፣ ስድስት ኪሎ፦

ልጄ፣ የጻፉልሽ ሁሉ ጥሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ከአዲስ አበባ ሳትወጪ ስለሚሠራው ልንገርሽ። ብዙ ዓመት ፀጉር ሥራ አሠልጥኛለሁ፤ ተማሪዎቼ ከሄዱ በኋላ ከውጭ እየደወሉ የሚያለቅሱት በአንድ ነገር ነው።

የእኛ ምዘና ችሎታን ነው የሚለካው። መዛኙ ፊት ቆመሽ ሠርተሽ ታሳያለሽ፤ ብቁ ነሽ ወይም ገና ነሽ ትባያለሽ። ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ሰዓት ይቆጥራሉ። የሲኦሲ ወረቀትሽን አስተርጉመሽ ብታቀርቢ «ጥሩ፣ ስንት ሰዓት ተማርሽ?» ይሉሻል፤ ወረቀቱ ላይ የለም። እንግዲህ ወደ ተማርሽበት ማሠልጠኛ ተመለሺ። የንድፈ ሐሳቡንና የተግባሩን ሰዓት፣ የትምህርቱን ዓይነት በየስሙ የሚዘረዝር፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጠይቂ። መቁረጥ ስንት ሰዓት፣ ቀለም ስንት ሰዓት፣ የንጽሕና አጠባበቅ ስንት ሰዓት ብሎ ይለያይልሽ። ማሠልጠኛዎች ይዘጋሉ፣ ይዛወራሉ፣ መዝገብ ይጠፋል፤ ዛሬ ነገ አትበይ። የሠራሽበት ፀጉር ቤት ባለቤትም ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሠራሽ ትጻፍልሽ፤ ቀኑን በፈረንጆቹም አስቆጥሪው፤ አለበለዚያ በ2009 ጀመርኩ ስትይ ሰባት ስምንት ዓመት አስቀድመው ይቆጥሩብሻል።

ከዚያ ተተርጉሞ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ይረጋገጥ። እዚያ ከደረስሽ በኋላ ይህንን በውክልና ማስጨረስ እጥፍ ድካም ነው። ሰዓቱን በሙሉ ይቀበሉሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን ባዶ እጅሽን ሄደሽ 1,500 ከምትጀምሪ፣ ወረቀቱ ቀርቦ ይመዘንልኝ ማለቱ ይሻላል።


የአራዳዋ ፀጉር ሠሪ፦

እትዬ፣ ይህን ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የዓመተ ምሕረቱን ነገር ሳነብ ሳቅኩ፤ ከዚያ ወረቀቴን አውጥቼ ሳየው በእኛ ቀን ብቻ የተጻፈ ነው፤ ሳቄ ቆመ።

ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ወሰንን። እህቴ ጋ፣ ሜሪላንድ እንገባለን። የአጎት ልጅ ይቀየማል፤ ልጁን ስትሞሸር በነፃ እሠራታለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ፈቃዱ ድልድዩን ያሻግረኝ ይሆናል። ስደርስ በሹሩባ እጀምራለሁ፤ መቀስ አልነካም። ወረቀቴ ተመዝኖ የሚቆጠርልኝ ሰዓት ካለ ትምህርት ቤት እገባለሁ፤ ከሌለ የተለማማጁን በር እይዛለሁ፤ ተመዝግቤ። የወንበሬን ኪራይ እስከ መስከረም መጨረሻ ከፍያለሁ። የእሑድ እናቶቼን ለአንዲት ጎበዝ ልጅ አስረክቤያለሁ፤ አንደኛዋ ግን «እርሷ ጠበቅ ታደርገዋለች» ብለው ተቃውመዋል።

ሰኞ ጠዋት ማሠልጠኛው በር ላይ ነኝ። የፒያሳዋ ባለቤታችንም አሁን ሲኤምሲ ትኖራለች፤ ደውዬላት «የፈረሰ ቤት ማኅተም ይሠራል እንዴ?» ብላኛለች። እትዬ፣ ማኅተሙን ይዛዋለች፤ ንግድ ፈቃዱን ግን መልሳለች። ደብዳቤዋ ይቆጠርልኛል ይላሉ?

ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር፤ ለእናት ዓለም ወይም ለማኅሌት። ፀጉር የምከፍልባት ማበጠሪያዬ፣ ጭራዋ ብረት የሆነች፣ አሥራ አራት ዓመት አብራኝ አለች። በእጅ ሻንጣ ያስገቡኛል ወይስ ሹል ነው ብለው ይነጥቁኛል?


ጡረተኛ አሠልጣኝ፣ ስድስት ኪሎ፦

ደብዳቤውን ታጻፍልሽ፤ ከጎኑ ግን ያኔ የነበረውን የንግድ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ ታያይዝበት። ኮፒ ከሌላት ግብር ስትከፍል የተቀበለችውን ደረሰኝ። ዓመቱ የተጻፈበት ማንኛውም ወረቀት ይረዳል።


ማኅሌት፣ ዴንቨር፦

ማበጠሪያዋን በትልቁ ሻንጣ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ። የእኔን ፍተሻው ላይ አስቀርተውብኛል፤ እስካሁን እንደርሷ ያለ አላገኘሁም።